ጠማማው አሊፍ

ኡስታዛዋ የምንጣፍ ጥቅል አቅፋ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባችና ባለችበት ደርቃ ቀረች። ልጆቹ ትምህርታቸውን የሚጽፉባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች፣ ሃያ ሦስቱም ሉሆች፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ያማረ ጽሑፍ አለ። የትኩስ ቀለም ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል።

ባለፈው እሁድ ትታው የሄደችው ይህን አልነበረም። የልጆቿን ጽሕፈት ነበር፤ አንዱ የተንጋደደ፣ አንዱ ቀለም የተደፋበት፣ አንዱ ከመስመሩ ወርዶ ወርዶ ጥግ የገባ።

የመድረሳው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሐጂ ከወዲያ ማዶ ወንበር እየወለወሉ ነበር። በበሩ ባለፉ ቁጥር ልጆቹን "ቀጥ በሉ!" ስለሚሏቸው ልጆቹ በሹክሹክታ "ሐጂ ቀጥበሉ" ነው የሚሏቸው።

"እንዴት ነው፣ አላማረም?" አሏት፤ ፊታቸው በርቷል።

የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ዛሬ የትልቁ መስጊድ ሸህ ይመጣሉ፤ ክፍሉ ለቅዳሜና እሁዱ መድረሳ ይቆይ ወይስ የሳጥን ማከማቻ ይሁን የሚለውን አይተው ይወስናሉ። ስለዚህ ሐጂ ትናንት ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ሉሆቹን በገዛ እጃቸው አጥበው፣ የሱቅ ታፔላ የሚጽፈውን ወዳጃቸውን ጠርተው የቁርአኑን መክፈቻ ምዕራፍ ፋቲሓን አስጽፈውባቸዋል።

የኡስታዛዋ ደም ፈላ። በዚህ ክፍል አንድ ሕግ አለ። ልጅ ሉሁን የሚያጥበው የጻፈውን ካነበበላት በኋላ ነው፤ የሚያጥበውም ራሱ ነው፣ እናቱም ብትሆን አትነካበትም። ውሃው የአላህ ቃል ያለበት ስለሆነ እግር በማይረግጠው በግቢው ዛፍ ሥር ይደፋል። ሐጂም ልጅ ሳሉ የተማሩት በዚሁ ሕግ ነው።

"ውሃውን የት ደፉት?" አለች።

የሐጂ ዓይን ሳያስቡት በደጅ ወዳለው የፍሳሽ ቱቦ ሄደ፤ ወዲያው መለሱት።

"ሐጂ፣ ይሄ እኮ ሱቅ አይደለም። ታፔላ ጻፉልኝ መች አልኩዎት?"

"ሸሁ ዶሮ የጫረውን አይተው ክፍሉን የሚሰጡን መሰለሽ? ዛሬ ካጣነው የት ልታስተምሪ ነው፣ ልጄ?"

ክፍሉ ከመገኘቱ በፊት ዓመት ሙሉ በቤቷ ደረጃ ላይ ነበር ያስተማረችው፤ ጎረቤት በወጣና በገባ ቁጥር ልጆቹ ሉሃቸውን ታቅፈው ይነሱ ነበር። ምንጣፉን ዘረጋች።

ልጆቹ እየተንጫጩ ገቡ። ሌላ ቀን እያንዳንዱ እየሮጠ ሄዶ የራሱን ሉህ ያነሳል። ስም የተጻፈበት አንድም የለም፤ ሁሉም የእጁን ጽሕፈት ያውቃላ። ዛሬ ግን ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አንዱ ያነሳል፣ ይመልሳል። ሁለቱ አንዱን ሉህ ይዘው ይጓተታሉ።

ወላቃዋ ሁለት ጊዜ ዞረች። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። የዐረብኛውን የመጀመሪያ ፊደል፣ አሊፍን፣ ቀጥ አድርጋ ለመጻፍ ሦስት ቅዳሜ ታግላ አልሆነላትም፤ ያም ሆኖ ባለፈው እሁድ እንደ ምንም አንድ ሙሉ መስመር ጽፋለች። ዛሬ አንብባው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሉህዋን ልታጥብ ነበር።

"ኡስታዛ፣ የኔ የለም።"

ሐጂ ጎንበስ ብለው አንዱን ሰጧት። "ያው ነው እኮ፣ የኔ ልጅ። እንዲያውም ከድሮው ያምራል።"

"የኔ አሊፍ ጠማማ ነው" አለች እጇን ወደ ኋላ ደብቃ። "ይሄ የኔ አይደለም።"

"ያንቺ ታዲያ የት ሄደ?"

ጠያቂው ሸሁ ነበሩ። በር ላይ ቆመው ሰላምታ ቢያቀርቡም በጫጫታው የሰማቸው አልነበረም።

"ሐጂ አጠቡት" አለች ወላቃዋ፤ እንባዋ መጣ። "ገና አላነበብኩትም ነበር።"

ሐጂ ለእንግዳ ክብር ተብሎ ነው ብለው ጀመሩና መሀል ላይ ተዉት። ኡስታዛዋ የቤቷን ደረጃ አሰበች፤ ከዚያ የሉህ ማጠቢያውን ሳፋ ከነውሃው ከጥግ ጎትታ መሀል አስቀመጠች።

"ሸሃችን፣ ይሄን የጻፈው ታፔላ ጸሐፊ ነው። የልጆቼ እጅ አይደለም። ክፍሉን የሚሰጡን በዚህ ከሆነ ይቅርብን።"

ሸሁ ጫማቸውን አወለቁና ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ መሀል ተቀመጡ። "እጠብቃለሁ" አሉ።

ሕግ ሕግ ነውና ልጆቹ መጀመሪያ ፋቲሓን በአንድ ድምፅ አነበቡት። ከዚያ ያ ያማረ ጽሑፍ ሉህ በሉህ ሳፋው ውስጥ ገብቶ ውሃው ጠቆረ። እንጨቱ እስኪደርቅ ጠበቁ፤ የመቃ ብዕራቸውን አንስተው ጻፉ። ወላቃዋ ምላሷን ነክሳ አሊፏን ጻፈች። እንደ ልማዱ ተጣመመ። በወለቀው ጥርሷ እያፏጨች መስመሯን ስታነብ፣ ሸሁ ጆሯቸውን አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሟት፤ ከዚያ ቀና ብለው ሐጂን አዩአቸው።

"ለሳጥኖቹ ሌላ ቦታ ፈልጉላቸው" አሉ።

ሳፋው እስከ አፉ ሞልቶ መሀል ወለል ላይ ነበር። ኡስታዛዋ አላነሳችውም። ልጆቹም አልነኩትም። ሐጂ ጥቂት ቆዩና እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በሁለት እጃቸው አንስተው፣ በዝግታ ወደ ዛፉ መራመድ ጀመሩ። ወላቃዋ ከጎናቸው ከጎናቸው እየሄደች የውሃውን ጠርዝ ትመለከታለች።

"ቀጥ ይበሉ፣ ሐጂ" አለቻቸው። "እንዳይፈስ።"