ወገብህን አዙር

መጀመሪያ የሰማው ከደንገሉ ማዶ «ሿ» የሚል አየር የሚቀድ ድምፅ ነበር። ገለጥ አድርጎ ሲያይ ሕዝቅኤል የታንኳ መቅዘፊያ ጨብጦ የጎልፍ ምት ይለማመዳል። ሐይቁ ዳር ያለው አዲሱ ሆቴል ነገ ምት አይቶ የሚቀጥረው አንድ ረዳት አሠልጣኝ ብቻ ነው፤ ሕዝቅኤል ደግሞ «ላንተ ትቼዋለሁ፣ ወንድሜ» ብሎ ምሎለት ነበር።

የገና ጨዋታ እንደለመደ ሰው ጎንበስ ብሎ በክንዱ ብቻ ይመታል። ዝም ቢለው ነገ ይወድቅለታል። አፉ ግን አልታዘዘለትም።

«የገና ሩር መሰለህ እንዴ? ክንድህን ተወው፤ መጀመሪያ ወገብህን አዙር!»

ሕዝቅኤል ደንግጦ ዞረ። ከዚያ ቀና ብሎ ቆመና ወገቡን አዞረ፤ መቅዘፊያው እየተንሳፈፈ ከትከሻው በላይ ደረሰ። ምቱ ምንም እንከን አይወጣለትም።

«አየህ!» አለው፣ ሳያስበው እየሳቀ።

ሕዝቅኤል አልሳቀም። መቅዘፊያውን ሣሩ ላይ አጋደመና «ስሜን ከተፈታኞቹ ላሰርዝ» ብሎ ወደ ሆቴሉ በሚወስደው መንገድ ሄደ።