ከሰሙኝ እጅዎን ያንሱ

መስኮት ሠሪው ደጅ ቆሞ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አሮጊቷ ከሳሎናቸው ሆነው አዩት፤ ድምፁ ግን ወፍ የለም። ያቺን አንዷን መስኮት ለሙከራ ባለ ሦስት ድርብ መስታወት ያደረገላቸው ዛሬ ጠዋት ነው። የቀሩትን መቀየር አለመቀየር የእሳቸው ፈንታ ነበር። ልጃቸው እንደሆነ በስልክ፣ "ይቀየር በቃ፣ ብርዱም ጫጫታውም ይቀርልሻል" ብሏቸው ዘግቷል። ስልክ መዝጋት ላይ ጎበዝ ነው።

"መስኮቱ ምላስህን ዋጠው እኮ" አሉት፣ ሰውየው በበሩ አንገቱን ሲያስገባ።

"አላልኩዎትም? አሁን ደግሞ በአሮጌው መስኮት በኩል ልጥራዎት። ከሰሙኝ እጅዎን ያንሱ፣ ልዩነቱን ራስዎ ይፈርዳሉ።"

ዞሮ ሄደ። "እማማ!" ድምፁ ጥርት ብሎ ገባ፤ የአውቶቡሱ ጡሩንባ፣ የጎረቤቷ ሳል፣ የልጆቹ ስድብ ሳይቀር ተከትሎት ገባ። የአሮጊቷ እጅ ግን ጭናቸው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። "እማማ፣ ይሰማዎታል?" አሁንም ንቅንቅ አላሉም። ሰውየው ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ያ የሻጭ ፈገግታው የት እንደገባ እንጃ። "እማማ፣ ደህና ነዎት? ምን ሆኑብኝ?"

ይችን "ደህና ነዎት?" እስኪሰሙ ኖሯል ለካ ዝም ያሉት። እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱ።

እያለከለከ ገባ። "አስደነገጡኝ እኮ፣ እማማ። ታዲያ ስንቱን ልቀይርልዎ?"

"የጠዋቷንም ንቀልና አሮጌዋን መልስልኝ" አሉት።