ከወፎቹ መመገቢያ ሥር

ሚዙሪ ካለው ቤታችን ጓሮ ለወፎች መመገቢያ ሰቅለናል። አመሻሽ ላይ እኔና ባሌ ቨርጂል ማዕድ ቤቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጠን እናያቸዋለን። ወፎቹ በልተው ሲጠግቡ ኦፖሰም የምትባል የዱር እንስሳ ትመጣለች። ድመት ታክላለች፤ ጭራዋ እንደ አይጥ መላጣ ነው።

ሰኞ ዕለት መኪና ገጭቷት በራችን ላይ ተዘርራ አገኘናት።

"ተያት፣ ሲደነግጡ ሙት መምሰል ልማዳቸው ነው" አለ ቨርጂል።

ሐሙስ ግን ሽታዋ ሳሎን ድረስ ገባ። ሆዷ ተቀዶ ትል ይርመሰመስበት ነበር። ቨርጂል አፍንጫውን ይዞ በአካፋ ዛቃትና ከአጥሩ ማዶ ቀበራት።

"አሁንም አስመስላ ነው?" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! እራቴን እንኳ በሰላም ልብላ።"

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ አፈር በአፈር ሆና መጣች። መመገቢያው ላይ ተንጠልጥላ የሱፍ ፍሬውን ታኝክ ጀመር።

"ሌላ ናት" አለ ቨርጂል። "ኦፖሰም እንደሆነ ሞልቷል።"

"ሆዷን እየው እስቲ።"

አየና እጁን አፉ ላይ ጫነ። የዋጠችው ፍሬ በተቀደደው ሆዷ በኩል ከትሉ ጋር እየተንጠባጠበ መሬት ላይ ይወርዳል። ወፎቹ ከሥሯ ተሰብስበው ይለቅማሉ።