የግል ምክንያት

ኃላፊ ባንግ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ጣቱን መጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ብቻ ነው የሚፈርሙት፣ ምክትላችን» አለኝ። ዓይኔን ግን አላየኝም። ጣቱ ያረፈበትን አነበብኩት። «በግል ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ይላል።

«የግል ምክንያቴ ምንድን ነው?» አልኩት።

ቀና አለ። ላሾፍበት ፈልጌ አልነበረም፤ ያልገባኝን ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልበትም። በኮሪያዋ ዴጉ ከተማ ካለው ከዚህ የተማሪ ቦርሳ ፋብሪካ ዕቃ ግዢ ክፍል ውስጥ ምክትል ኃላፊ እስክሆንና ፀጉሬ እስኪሸብት የቆየሁት፣ ዚፕ ሻጩ ሁሉ ስሜ ተጠርቶ «ማ ኦክሰን ደወለች» ሲባል ላብ የሚያጠምቀው፣ በዚሁ አመሌ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

ባንግ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነው። በማዕረግ አለቃዬ፣ በዕድሜ ታናሼ። አዲስ ተቀጣሪ ሆኖ ሲመጣ ጨርቅ ከጨርቅ መለየት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፣ በር ሲዘጋ «አንተ» ነው። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ በሩን የዘጋው ራሱ ነበር።

ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጽፈው አለኝ። የተለመደ አባባል እንጂ ትርጉም የለውም አለ። ትርጉም እንዳለውማ ሁለታችንም እናውቃለን። ኩባንያው አሰናበታት ተብሎ ከተጻፈ ዘጠኝ ወር ከመንግሥት የሥራ አጥ ድጎማ አገኛለሁ፤ በገዛ ፈቃዷ ሄደች ከተባለ ግን ቤሳ ቤስቲን የለም። ሃምሳ አንድ ዓመት ለሞላት ሴት ሥራ የሚሰጥ ደግሞ ከየት ይመጣል? ኩባንያውም በበኩሉ ሰው አሰናበተ ከተባለ ወጣት ለመቅጠር ከመንግሥት የሚያገኘው ድጋፍ ይቀርበታል። ስለዚህ ለዚህች ለአንዲት ቃል ሲሉ የሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምሩልኝ ነው።

«እሺ፣ እንግዲያው አንተ ፈልግልኝ» አልኩት። «የኔ የሆነ አንድ ምክንያት ካገኘህልኝ እፈርማለሁ።»

የምሬን ነበር። ባንግም የምሬን መሆኑን ስላወቀ የቫይታሚን መጠጥ ከፍቶ ሰጠኝ። የሠራተኛ አስተዳደር ሰዎች ክፉ ወሬ ሲኖራቸው የሚጋብዙት እሱን ነው።

በጤና ጀመረ። የዓመቱን ምርመራ ውጤት ያየው ራሱ ነው፤ ከእሱ እኔ እሻላለሁ። እናት ማስታመም አለና ወዲያው ምላሱን ነከሰ፤ ባለፈው ጸደይ እናቴ ስትሞት ለቅሶው ላይ በርበሬ የበዛበት ሾርባ እየበላ አብሮኝ ያመሸው እሱ ነው። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ ትዳር ሲለኝ ሁለታችንም ሳቃችን አመለጠን። አግብቼ ወልጄ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ቦርሳ ትሸጡልኝ ነበር አልኩት። ፋብሪካውን ሠራተኛ ለመቀነስ ያበቃው አገሩ መውለድ መተዉ ነው።

«ገጠር መግባትስ?» አለ ቀስ ብሎ። ደቡብ ጠረፍ ላይ አንዲት ቤት። አጥሯ አጭር፣ ጓሮዋ ትርንጎ የተተከለበት። ጠዋት ትርንጎ መልቀም፣ ከሰዓት በኋላ ጀልባዎቹ ሲገቡ ቁጭ ብሎ ማየት፣ ስልክ የሚደውል የለ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግን በአንድ ክረምት ይጠገናል አለ። ስለ ጣሪያው ሲያወራ እጁ ሚስማር እንደያዘ ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር።

እኔ ባሕር አልወድም። በኩባንያው ሽርሽር ጀልባ ላይ ያስታወክሁት የዚሁ የባንግ ጫማ ላይ ነው።

«ባንግ» አልኩት ማዕረጉን ትቼ፣ «ይሄ የማን ምክንያት ነው?»

ጆሮው ቀላ። አላስጨነቅኩትም። አንጀቴን በላው። ያን ሁሉ ሰው በዚህች ቃል ሲያስፈርም ኖሮ፣ ከሁላችንም መሀል እውነተኛ የግል ምክንያት ያለው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስልኩን ይዞ ኮሪደር ወጣ። በመስታወቱ አየዋለሁ፤ ለማያየው ዳይሬክተር ጎንበስ ቀና ይላል። ሲመለስ ቃሉ ይቀየራል፣ ጭማሪው ግን ከሦስት ወር ወደ አንድ ይወርዳል አለኝ። ዳይሬክተሩ ምን እንዳለው ጠየቅኩት።

«ገና የምታስፈርማቸው ሰባት ሰዎች ይቀሩሃል አለኝ» አለ።

የዘጠኝ ወር ድጎማ ከተገኘ የሁለት ወር ደመወዝ ቢቀርስ። ይሁን አልኩት። መስመሯን ሰረዛትና በላይዋ «በኩባንያው ጥያቄ» ብሎ ጻፈ፤ ስርዙ ላይ ሁለታችንም የየግል ማኅተማችንን አሳረፍን። ከሥሩ ፈረምኩ። ኮቴን አንስቼ ልወጣ ስል ጠራኝ።

«ምክትላችን፣ ለወረቀቱ አይደለም፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። በገዛ ፈቃድዎ ለቀው ቢሆን ኖሮ፣ ለምን ይሆን ነበር?»

ቀላል ጥያቄ መስሎኝ አፌን ከፈትኩ። ስለ ዚፕ ቢጠይቀኝ እስኪመሽ አወራለሁ። ስለ እናቴ መድኃኒት ቢጠይቀኝ የቱ ከምግብ በፊት፣ የቱ በኋላ እንደሚዋጥ ዛሬም ቃል በቃል እነግረዋለሁ። ለዚህኛው ግን ፈለግኩ ፈለግኩ፣ ምንም የለም። ሰውን ሁሉ በጥያቄ ሳስጨንቅ ኖሬ ይህችን አንድም ቀን ራሴን ጠይቄያት አላውቅም። ደነገጥኩ። ከድንጋጤው ሥር ግን፣ እንጃ፣ ምን ይወጣ ይሆን የሚል ጉጉት ያዘኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ቆይ፣ እያሰብኩ ነው» አልኩት።

ባንግም ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ጠበቀኝ።