ፈረስ ፈረስ የሚሸት ጃኬት

ፕሮዲውሰሩ ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን ለማንም አልተናገረም። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ሰው ግን አይለይም። ፊልም ሠሪ ዓይኑ ጠፋ ከተባለ ማን ያምነዋል? የምታውቀው የልብስ ክፍሏ ኃላፊ ብቻ ናት፤ እሷም አፏን እንደ ሣጥኖቿ ቆልፋለች።

ስቱዲዮው አንድ ትልቅ የእንጨት ግድግዳ አለው። ፊቱ የንጉሥ አደባባይ ነው፤ ጀርባው የካውቦይ መጠጥ ቤት። በፊት በኩል ታናሽ ልጁ የመጽሐፍ ቅዱስ ድራማዎችን ያዘጋጃል። በጀርባ በኩል ታላቁ፣ ፈረስና ፒክአፕ የሚሽቀዳደሙባቸውን የዘመኑን የካውቦይ ፊልሞች ይሠራ ነበር። ለሁለቱም ገንዘብ የሚያፈላልገው፣ ተዋናይ የሚመርጠው፣ የሚቆጣውም አባትየው ነው።

ታላቁ አሁን የለም። አባቱ አንድ ቀን በሠራተኛ ፊት፣ «አንተ ከሽጉጥና ከባርኔጣ ሌላ ምን ታውቃለህ?» አለው። ልጁ ፈረሶቹን ጭኖ በረሃ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ድርሽ አላለም። አባትየው አፌን በቆረጠው እያለ ሲጸጸት ከረመ። ዓይኑ ጨርሶ ሳይጨልም ይቅርታ ጠይቆ የስቱዲዮውን ቁልፍ ሊያስረክበው፣ ና ብሎ ልኮበታል።

የታናሹ ነገር ግን አባትየውን አላማረውም። ሰሞኑን ወንበር ከመንገዱ ያነሳለታል፤ ደረጃ ላይ ክንዱን ይይዘዋል። አውቆብኛል ማለት ነው ብሎ ሰጋ።

በቀጠሮው ቀን ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። የልብስ ክፍሏ ኃላፊ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ትንሹ ልጅዎ የታላቁን የድሮ ጃኬት ከኮርቻዎቹ አጠገብ አውርዶ ወሰደ።»

«ለምን?»

«እንጃ። ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሮጠ።»

የፕሮዲውሰሩ ደም ፈላ። ዓይኑ የፈዘዘ አባት፤ የወንድሙን ልብስ ለብሶ ምርቃት የሚሰርቅ ታናሽ። ይህን ታሪክ ደጋግሞ ፊልም አድርጎታል፤ የፍየሉን ቆዳ ሳይቀር በእጁ መርጧል።

«ለቀባሪው አረዱት!» አለ።

በሩ ተንኳኳ። አንድ ረጅም ጥላ ገባ። ልጆቹ በቁመት አይበላለጡም።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ድምፅህን ምን ነካው?»

«ጉንፋን ነው... ተዘጋ።»

አባትየው እጁን ሰዶ እጅጌውን ዳበሰ። ቆዳ ነው። ፈረስ ፈረስ ይሸታል። ድምፁን እንኳ ደብቋል! አንዱ ልጅ ጥሎት ሄደ፤ ሌላው ደግሞ ይኸው ሊያታልለው መጣ።

«ማን መሆንህን የማላውቅ መሰለህ? በገዛ ቤቴ ቲያትር ትሠራብኛለህ? አንተ ልጄ አይደለህም! ሁለተኛ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ!»

ጥላው አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረበ። ሊናገር ሞከረ፤ ሳል አፈነው። ከዚያ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከውጭ የመኪና ሞተር ተነሳ።

ፕሮዲውሰሩ ቁልፉን ጨብጦ ታላቁን ልጁን መጠበቅ ጀመረ።

በሩ እንደገና ተከፈተ፤ የታናሹ ጥርት ያለ ድምፅ ተሰማ።

«አባዬ፣ ወንድሜ ዝናብ መትቶት ሲንቀጠቀጥ አግኝቼው ጃኬቱን ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ አሁን እያለቀሰ ወዴት ነው የሄደው?»