ሰማያዊው ስፖንጅ

ዴልቪ በማናዶ ከተማ ዳርቻ ካለው ባሕር ብቅ አለችና በአንድ እጇ የጀልባዋን ጠርዝ ይዛ፣ በሌላው ከባሕሩ ወለል የቆረጠችውን ስፖንጅ የሚባል ሰማያዊ የባሕር እንስሳ በከረጢት ለአባቷ አቀበለችው። አባቷ በፓርኪንሰን ሕመም የሚንቀጠቀጡ እጆቹን አጋጥሞ ተቀበላት።

«ይኼ ነው እንግዲህ መድኃኒቴ?»

«ገና ነው አባዬ። ቤተ ሙከራ ወስደን የአንጎል ሴሎችን ከሞት ያድን እንደሆነ እናያለን። ቢሳካ እንኳ ብዙ ዓመት ይፈጃል።»

ሽማግሌው ከረጢቱን አገላብጦ አየው። እሷም እውነቱን በመናገሯ ጸጸት ያዛት።

«ግድ የለም» አላት በመጨረሻ። «ለኔ ባይደርስ ላንቺ ይደርሳል። የእናቴም እጅ እንዲህ ነበር።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላት። ልጅ ሳለች፣ ጀልባዋ በዓሣ ተሞልታ ሰፈሩ ሁሉ ዳር ወጥቶ በሚጠብቃቸው በዚያ ደግ ዘመን፣ በዚህ እጁ በአንዴ መንጭቆ ያወጣት ነበር። ዴልቪ እጁን ያዘችው። ክብደቷን ግን በሙሉ በጠርዙ ላይ ባሳረፈችው ክንዷ ላይ ጥላ፣ በራሷ ጉልበት ወጣች።

«አቤት ስትከብጂ!» አለ እያለከለከ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ። «አንቺ ልጅ፣ ሩዙን ቀነስ አድርጊው እንጂ!»