የላቮን ስም ሲጠራ

ዴል ስሞቻችንን እንደ ጥሬ ባቄላ እያኘከ ያነባል። የወረዳው ምክር ቤት ሊቀመንበር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ከመቶ ሰማንያ ስድስት ዓመት በፊት ከዚህ ከኢንዲያና እስከ ካንሳስ በጠመንጃ አፈሙዝ የተነዱትን የእኛን የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የፖታዋቶሚዎችን ቤተሰቦች፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ይጠራል። "አባቶቻችን የፈጸሙት በደል ነው" የሚለውን የነጮቹን ምክር ቤት ውሳኔ ቀድሞ አንብቧል። አንዳንዶቻችን አልቅሰናል።

ስሙ የተጠራ ቤተሰብ ይነሳል። በግራ እጁ የያዘውን ለሟቾች የሚቀርብ ትንባሆ አዲሱ የመታሰቢያ ድንጋይ ሥር ባለው የእንጨት ሳህን ያኖራል፤ የሟቹን ስም በራሱ አፍ ይጠራል፤ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ማንም ካልተነሳ ስሙ ይታለፋል።

"ይሄ ሰውዬ የነፒትዋስን ስም የሳል መድኃኒት አስመሰለው እኮ" ይሉኛል አጠገቤ የተቀመጡት አክስቴ ኮርዴሊያ። የሥጋ አክስቴ አይደሉም፤ እኛ ዘንድ ያረጀች ሴት የሁሉም አክስት ናት።

"ቀስ ይበሉ፣ ይሰማል።"

"ይስማ። መቶ ሰማንያ ስድስት ዓመት ቀስ ብለን የለ?"

ከኋላችን የተቀመጡት ይስቃሉ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የድሮ ወረቀት አቧራ ስበላ ከርሜ። ዝርዝር በአደራ የተሰጠውን ሰው "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ማንም አልጠየቀኝም።

የካቲት ላይ ያኔ ወታደሮቹን የመራ የአንድ መኮንን ደብዳቤ እጄ ገባ። መንደሩን ያለ ውጊያ እንዴት እንደያዘ ለአለቃው ይተርካል። አስተርጓሚው አምብሮዝ ላቮን ቤት ለቤት ዞሮ "ቄሱ ጸሎት ቤት ይጠሯችኋል" አላቸው፤ ሁሉም መጡ፤ በሩን ዘጋንባቸው ይላል። አምብሮዝ የአያቴ አያት ነው። እኛ ቤት "በእግሩ ተነድቶ ካንሳስ የመጣ" ሲባል ነው ያደግሁት። ለካ የመጣው ከወታደሮቹ ጋር በፈረስ ነው። ደብዳቤውን አጥፌ መለስኩና ስሙን ከተነዱት ተርታ እንዳለ ተውኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ። እንቅልፍ አጥቼ አፈርኩ፤ ማፈሬን ደግሞ እንደ ንስሐ ቆጠርኩት።

የአክስቴ ኮርዴሊያ ዘር የሚመዘዘው በዚያ ጸሎት ቤት ከተዘጋባት አንዲት እናት ነው። ሕፃን ታቅፋ ገባች። ሕፃኑን መንገድ ላይ፣ አንድ ወንዝ ዳር ቀበረችው። አክስቴ ይህን በየመከሩ ይነግሩናል፤ ሲጨርሱም ሁልጊዜ "ማን እንደጠራቸው ብቻ ባወቅሁ" ይላሉ።

"ላቮን" ይላል ዴል። "የላቮን ቤተሰብ።"

ከወንበሬ አልነሳም። ትንባሆው መዳፌ ውስጥ ረጥቧል።

"ያንቺ ነው እኮ። ተነሺ እንጂ።"

"አልችልም።"

"ላቮን" ይላል ሁለተኛ።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀረ። ይለፍ፣ ብቻ ይለፍ እላለሁ በልቤ። አክስቴ ፊቴን ያዩና ድምፃቸው ይለሰልሳል። "አይዞሽ ልጄ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዲህ ነው።" መዳፌን ፈልቅቀው ትንባሆውን ይወስዳሉ። ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ ምርኩዛቸውን ተክለው ተነስተዋል። ዳሌያቸው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንቱ ነው፤ ሐኪሙ ጎንበስ እንዳይሉ ከልክሏቸዋል።

ጎንበስ ይላሉ። ትንባሆዬን ሳህኑ ላይ ያኖሩና "አምብሮዝ ላቮን" ይላሉ፣ ዴል ያበላሸውን አቃንተው። በቋንቋችንም አንድ ነገር ይጨምሩለታል። ከዚያ እያለከለኩ ይመለሳሉ።

"ወገኖችህ እዚህ አሉ፣ አትስጋ አልኩት" ይሉኛል እየተቀመጡ። "ሰው ስሙ ተጠርቶ እንዴት የሚነሳለት ያጣል?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አክስቴ" እላለሁ፤ "ቄሱ ይጠሯችኋል ብሎ የሰበሰባቸው እሱ ነው።"

ትንባሆ የነካ ጣታቸውን ያያሉ።

"ማን አለ?"

"ደብዳቤ አለ። በዓይኔ አንብቤዋለሁ።"

"መቼ?"

"የካቲት።"

ዴል ሌላ ቤተሰብ ይጠራል። አንድ አባትና ሁለት ሴት ልጆቹ ወጥተው ይመለሳሉ። አክስቴ እስኪቀመጡ ይጠብቃሉ።

"መጋቢት ላይ ቤቴ መጥተሽ የበቆሎ ሾርባ በላሽ" ይላሉ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። "የሕፃኑን ነገር እንደገና ይንገሩኝ አልሽኝ። ነገርኩሽ። አቅፈሽኝ አለቀስሽ።"

"አዎ።"

"እሱስ የሞተ ሰው ነው። አንቺስ?"

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተባለ ሳስብ መልሼ ዋጥኩት።

"ሾክዌ" ይላል ዴል። "የሾክዌ ቤተሰብ።"

የእሳቸው ስም ነው። ክንዴን እሰጣቸዋለሁ። አይዙትም። በምርኩዛቸው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ብቻቸውን ይሄዳሉ። መንገዱ አጭር ነው፤ እሳቸው ግን ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸዋል፤ ዴልም ዝምታው ይጨንቀዋል።

"እስከዚያው" ይላል ፈገግ ብሎ፤ "ይህን ዝርዝር በታላቅ ጥንቃቄ ላሰባሰበችልን ለወይዘሪት ዶሪን ላቮን እናጨብጭብላት።"

ሰዉ ያጨበጭባል። ብድግ ያሉም አሉ። አንዱ ከኋላ ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደርገኛል። አክስቴ ኮርዴሊያ ድንጋዩ ጋ ደርሰዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ የራሳቸውን ትንባሆ በጭብጣቸው እንደያዙ፣ የሕፃኑን ስም ለመጥራት ጭብጨባው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ።